አዴ ሲስተም

መስኮት ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት አዴ ሲስተም፣ ወይዘሮ ሲስተም እንደ ማለት፣ አለችው። ውሃ ልትከፍሉ ሂዱ፣ የቤት ካርታ ልትጠይቁ ሂዱ፣ የልጅ የልደት ወረቀት ልታወጡ ሂዱ፤ ስሟና መልኳ ይለያይ እንጂ እሷ እዚያው መስታወቱ ጀርባ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አታያችሁም። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አገጯ መዳፏ ላይ ነው። ብትለምኗትም ብትቆጧትም መልሷ ያው ነው፤ "ሲስተም የለም።" ዶሮ ነጋዴ "ዶሮ አልቋል" እንደሚለው ትለዋለች፤ አታዝንም፣ አትደሰትም።

አምቦ ላይ ይህን ማዕረግ የያዘችው ጋዲሴ ነበረች፤ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ። ማዕረጉን የሰጣት ደግሞ የበሩ ዘበኛ ብዙነህ ነው። ብዙነህ ወጣትነቱን ጊንጪ ላይ ኩንታል ሲሸከም የጨረሰ ሰው ነው። ወገቡ ተሰብሯል፣ ምላሱ ግን ደህና ነው። አንድ ጠዋት ወረፋው ከመስኮቱ ተነስቶ የግቢውን የጽድ ዛፍ ዞሮ አጥሩ በር ላይ ሲደርስበት፣ ኮፍያውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለና "ክብርት አዴ ሲስተም ዛሬስ ለሕዝባቸው ምን ይላሉ?" ብሎ ጮኸ። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ጋዲሴ ብሎ የሚጠራት እናቷ ብቻ ሆነች።

ክረምት ከበጋ ያንኑ ግራጫ ሹራብ ትለብሳለች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ኮምፒውተሩን "እሱ" ነው የምትለው፣ እንደ ታማሚ ባል። "እያሰበ ነው።" "ዛሬ ደክሞታል።" "ማሎ፣ እባካችሁ አትጩኹበት፣ ይብስበታል።" ሰው ነፍሱ እየወጣች እሷ የብረት ሳጥን ስታባብል ማየት የአምቦን ሕዝብ ምን ያህል እንዳበሸቀው መናገር አያስፈልግም።

አንድ ከሐሮ ወንጪ የመጡ ሽማግሌ "ሲስተም የለም" ሲባሉ በትራቸውን ተደግፈው ረዥም ሰዓት ቆሙ። በመጨረሻ ብዙነህን ጠጋ ብለው፣ "ይኼ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ እንዲህ ከሥራ የሚቀር ከሆነ ለምን ሌላ አይሾሙም?" አሉት። ብዙነህ እስከ ዛሬ የምራቸውን ይሁን እየቀለዱ አላወቀም።

ነጋዴው ሰዲቅ ደግሞ ነገሩን በንግድ ዓይን ነበር ያየው። ሴትየዋ የምትፈልገው ነገር አለ ብሎ አሰበና በጥቁር ፌስታል ስኳር ቋጥሮ በቀዳዳው አሾለከላት። ጋዲሴ ፌስታሉን ከፈተች፣ አየችው፣ ድምፅ ማጉያ የዋጠች ይመስል "የስኳር ባለቤት ማነው?" ብላ ጮኸች። ሰዲቅ ዘወር ብሎ ወደ ጽዱ ማየት ጀመረ። ስኳሩ እስከ ማታ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፣ ባለቤትም አልተገኘለትም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥቶ "ይኼማ ቫይረስ ነው" ብሎ ፈረደ። ለወረፋው ግማሽ ሰዓት ስለ ቫይረስ አስተማረ፣ ገብቶም የራሱን ፍላሽ ሰካ። ኮምፒውተሩ ያን ቀን እስከ ምሳ አልተነቃነቀም። መምህሩ ግን ክፍለ ጊዜ ስላለው ቀደም ብሎ ሄዷል።

እውነቱን ለመናገር ያ ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት የአባትህን ስም ሳትጨርስ ካርድህን ያወጣው ነበር። ሕዝቡ በወረቀት ካርድ ዘመን ከመደርደሪያ ሥር ስንት ዘመን ሲጠብቅ ስለኖረ ተአምር መሰለው። ኋላ ግን እያደር ከበደ። ጋዲሴ ስም ጽፋ ስትጫን ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች፤ ባለ ካርዱ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ አሁንም እየዞረች ነው።

"በወረቀት ጽፈሽ አስገቢያቸው!" ይላታል ብዙነህ በየቀኑ፣ በሯን እየደበደበ።

"ያለ ካርድ አይገባም።"

"ካርድ ይታመማል እንዴ? የሚታመመው ሰው ነው!"

"ጋሼ ብዙነህ፣ አንተ በርህን ጠብቅ።"

ይህ ግትርነቷ ከየት እንደመጣ ብዙነህ ያውቅ ነበር። ድሮ ሁሉም ነገር ወረቀት በነበረ ጊዜ አመለሸጋ የምትባል መምህርት ጉሮሮዋን ታማ መጣች። ካርዷ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ጋዲሴ ያኔ ለሥራው አዲስ ነበረች፤ ሴትየዋ ከምትጉላላ ብላ ባዶ ካርድ አውጥታ አስገባቻት። ሐኪሙ ካርዱን አየ፣ ምንም የለበትም፤ ፔኒሲሊን አዘዘላት። መርፌው ካልጋው ሳያስነሳ ገደላት። የጠፋው ካርድ ከሳምንታት በኋላ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ተገኘ፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት አናቱ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ማንም ጋዲሴን አልከሰሳትም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ካርድ ሰው አላስገባችም፤ የማንንም ካርድ ደግሞ አልጣለችም፣ አላስጣለችምም።

መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲከፈት እንኳ ማቃሰት ሲጀምር ኃላፊው ሮብሳን ተሸነፈና መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ደሊልን አስጠራ። ደሊል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ።

"ዲስኩ ሞልቷል" አለ። "አፉ ድረስ! ቀይ ሆኗል፣ ተመልከቺ።"

"ምንድን ነው የሞላው?" አለች ጋዲሴ።

"ሁሉም ነገር። ካርዱ አለ፣ የምርመራ ውጤቱ ፎቶ አለ። ደግሞ ፕሮግራሙ ማታ ማታ የሁሉንም ቅጂ እያወጣ እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ሌላ ቦታ አልተዘጋጀለትም። ቅጂ በቅጂ ላይ ነው የተከመረው።"

"ቢሞላስ? ተቀምጦ የሚተኛ ነገር አይደለም እንዴ? ለምን ይዘገያል?"

"ሲሠራ ዕቃውን የሚዘረጋበት ባዶ ቦታ ይፈልጋላ! ቦታ ካጣ አንዱን እያነሳ ሌላውን እየገፋ፣ የአንዱን ካርድ ቁርጥራጭ ከየጥጉ እየለቀመ ነው የሚያመጣልሽ። አዲስ ነገር ልጻፍ ቢል ደግሞ መጻፊያ የለውም። አንድ ቀን ጭራሽ ይቆማል።"

በሩን ተደግፎ ይሰማ የነበረው ብዙነህ ነገሩ ያን ጊዜ ፍንትው ብሎ ታየው። ጊንጪ ላይ የሚሠራበት መጋዘን በአዝመራ ወራት እስከ በሩ ይሞላ ነበር። ከኋላ ያለ አንድ ጆንያ ጤፍ ከተፈለገ ከፊት ያለውን ስንዴና ሽምብራ ሁሉ ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ያወጣሉ፣ ጤፉን ያነሳሉ፣ የወጣውን መልሰው ያስገባሉ። ለአንድ ጆንያ ቀኑ ያልቃል፣ የእሱም ወገብ። ባለ መጋዘኑ ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጦ "እናንተ ሰነፎች!" ይል ነበር። ብዙነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮምፒውተሩ አዘነለት። ለጋዲሴም ሊያዝን ከጅሎት ነበር፣ ግን ገና ጠዋት በሯን ሲደበድብ ነበርና አፈረ።

"መፍትሔው ትልቅ ዲስክ መግዛት ነው" አለ ደሊል። "እስከዚያ አሮጌ ቅጂዎቹን ላጥፋቸው። የሞቱትን ሰዎች ካርድም ለይተን እናውጣ። ትንሽ ይተነፍሳል።"

ጋዲሴ እጇን ኪቦርዱ ላይ ከደነችው። "አይነካም።"

"ቅጂው እኮ ነው!"

"ከቅጂው ውስጥ ያለ ካርድ ከዋናው ውስጥ ባይኖርስ? አንተ ታውቃለህ?"

"እሺ የሞቱትስ?"

"መሞታቸውን ማን ነግሮህ? የሞተ ሰው ካርዱን ሊመልስ አይመጣም። የማን እንደሞተ የማን እንዳለ በምን ትለያለህ? አንድ በሕይወት ያለ ሰው ብትሰርዝብኝስ?"

ደሊል ትከሻውን ሰበቀ፣ መፍቻውን ሰበሰበ፣ ሄደ።

ጋዲሴ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ሮብሳን ቢሮ ገባችና ዲስክ ይገዛ አለች። ሮብሳን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገራቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው እንጂ። አንዱ "በጀት ሲለቀቅ" ነው፣ ሌላው "ሂደት ላይ ነው"። በተከታዩ ወር ሄደች፤ በጀት ሲለቀቅ። በሚቀጥለውም ሄደች፤ ሂደት ላይ ነው። ወረፋው በዚህ መሃል የሚያየው መስታወቱን ብቻ ነበር። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለው ፊት ደግሞ የእሷ ነው።

ሐምሌ ገባ፤ እርሻ የሚጣደፍበት፣ ሰው ካልወደቀ በቀር ሐኪም ቤት የማይመጣበት ወር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሲያፈስ ባደረበት ቀን አንድ ገበሬ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለድፎበት በሩ ላይ ቆመ። ከጉደር መንገድ ገባ ካለ ቀበሌ በእግሩ ነው የመጣው። ባርኔጣውን አውልቆ "አካም ቡልተን፣ ጋሼ" አለው ብዙነህን። እንዲህ ያለ ሰላምታ በዚያ በር ብዙ ጊዜ አይሰማም።

"ምንህን ነው?" አለው ብዙነህ።

"ደረቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ። ሞፈር ሳነሳ ሳልቀጨው አልቀረሁም።"

"ድንገተኛ ነው እንዴ? ድንገተኛ ከሆነ በዚያኛው በኩል ነው፣ ያለ ካርድ ያዩሃል።"

"ኧረ እኔ ምን ሆኜ! እነዚህ ሕፃን ያዘሉት እያሉ?"

ብዙነህ አየት አደረገው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ርጥብ ነው፤ ግን ዝናብ ነበር፣ የሁሉም ግንባር ርጥብ ነው። "እንግዲያው ተሰለፍ" አለው።

ሰውየው ተራው ሲደርስ ከኋላው ያለች ሴት ያዘለችው ሕፃን ክፉኛ እየሳለ ነበርና ቦታውን ለቀቀላት። ቀጥሎ እሱ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

"ስም?"

"ጉዩ ቦጂያ።"

"እዚህ ታክመህ ታውቃለህ?"

"አንዴ፣ ድሮ። ለወባ።"

እንግዲህ ካርድ አለው ማለት ነው። ጋዲሴ ስሙን ጻፈችና ተጫነች። ክቧ መዞር ጀመረች። ቆየት ብሎ የኮምፒውተሩ ፊት ሁሉ ነጭ ሆነ፣ ደነዘዘ። "ተቀመጥ፣ እያሰበ ነው" አለችው። ጉዩ አመስግኖ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ነርሷ ከውስጥ ወጣች። "ሐኪሙ ባዶውን ተቀምጧል እኮ፣ ሰው ላኪ!"

"ሲስተም የለም።"

ኮምፒውተሩን አጠፋችው፣ መልሳ ከፈተችው። መከፈቱ ራሱ ዘመን ፈጀ። ወረፋው ማጉረምረም፣ ከዚያ መሳደብ ጀመረ። "እንቅልፋም!" "ዘመዷ ቢሆን እስካሁን ገብቶ ነበር!" ብዙነህ እንደ ልማዱ በሯን ደበደበ።

"በወረቀት ጽፈሽ አስገቢያቸው አልኩሽ!"

"ያለ ካርድ አይገባም!"

"አንድ ቀን አንዱ እዚሁ ይሞትብሻል!"

ይህንን እሷን ለማናደድ ብሎ ስንት ጊዜ ተናግሮታል። ወረፋውም ለምዶታል፣ እሷም ለምዳዋለች። ያን ቀንም እንደ ወትሮው ተናገረውና ወደ በሩ ተመለሰ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከመስኮቱ ውስጥ የደስታ ድምፅ መጣ። "ተከፈተ! ጉዩ ቦጂያ!"

ማንም አልመለሰም።

"ጉዩ ቦጂያ!"

"ተኝቷል መሰለኝ" አለች ሕፃን ያዘለችው ሴት። ውጤት እየጠበቀች አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

ብዙነህ ሊቀሰቅሰው ሄደ። "ወንድሜ፣ ተራህ ነው" ብሎ ትከሻውን ነካው። ሰውየው በዝግታ ተንሸራቶ ብዙነህ ደረት ላይ ወደቀ። ብዙነህ ዕድሜውን ሸክም የለየበት ትከሻ ነበረውና የወደቀበት ክብደት ምን ዓይነት እንደሆነ ከማንም በፊት አወቀ።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ። መሬት ላይ አስተኝተው ደረቱን ደጋግመው ተጫኑት፣ አፉ ላይ አየር ነፉበት። ኋላ ሐኪሙ እጁን አንስቶ ተረከዙ ላይ ተቀመጠ። "ልቡ ነው" አለ።

"ቀድሞ ቢገባልህስ?" አለው ብዙነህ።

ሐኪሙ የሰውየውን ሸሚዝ ሰብስቦ ደረቱን ሸፈነለት። "ምናልባት" አለ። "እንጃ።"

የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን ሰበረው። ሁለተኛው ጋዲሴን ግንባሯ ላይ አገኛት። አልሸሸችም፣ አልተከለለችም። ደሙ በመነጽሯ ላይ እየወረደ "ከፍቼው ነበር እኮ። ተከፍቶ ነበር" ትል ነበር። የጉዩ ካርድ ከኋላዋ ኮምፒውተሩ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። "ገዳይ!" አለ አንድ ወጣት፣ በሩን በእግሩ እየመታ። ብዙነህ ዱላውን አግድም ይዞ በሩ ላይ ቆመ። "እሷን ከፈለጋችሁ በእኔ ላይ እለፉ" አላቸው። ለምን እንዲህ እንዳለ ለራሱም አልገባውም።

በሳልስቱ ጋዲሴ ግንባሯን በፋሻ አስራ በሩ ላይ መጣች፤ ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች። ከሥራ ታግዳ ነበር።

"ለቅሶ ልደርስ ነው" አለችው።

"አብደሻል? ይገድሉሻል!"

"እንግዲህ ምን አደርጋለሁ።"

መንገድ ጀመረች። ብዙነህ ሲሳደብ ሲራገም ቆየና ዱላውን ይዞ ተከተላት። እስከ መታጠፊያው በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃው በእግር ሄዱ።

ድንኳን ውስጥ ገብተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። የጉዩ ሚስት ለንሳ ፀጉሯን ተላጭታ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ቀና ብላ አየቻቸውና በኦሮምኛ "ከየት ናችሁ፣ እናቴ?" ብላ ጠየቀች።

"ከጤና ጣቢያው ነው" አለች ጋዲሴ። "የካርዷ ሴት እኔ ነኝ።"

ከወንዶቹ በኩል አንድ ጎረምሳ ብድግ አለ፤ የጉዩ ታናሽ ወንድም ነው። ለንሳ እጇን አነሳች፣ ጎረምሳው ባለበት ቀረ።

"ውሃ ጠይቆ ነበር?" አለች ለንሳ።

"አልሰማሁም።"

"አይጠይቅም። ቤቱም አይጠይቅም።" ከዚያ እንደገና፣ "ብቻውን ነበር?"

ጋዲሴ ወደ ብዙነህ ዞረች። ብዙነህ ከኋላዋ መለሰ። "ብቻውን አልነበረም፣ ልጄ። ሕፃን ያዘለች ሴት አጠገቡ ነበረች። ሕፃኑ ሲስልበት ጊዜ ተራውን ለቅቆላት ነው።"

ለንሳ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "አዎ" አለች። "አዎ፣ እሱ ነው። እሱን ነው ያያችሁት።" ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፣ ጋዲሴም።

ሊሄዱ ሲነሱ ለንሳ እስከ ድንኳኑ በር ሸኘቻቸው። ጋዲሴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዛ አስቀረቻት። "ይቅር አልልሽም" አለቻት። "አልችልም። ግን መጥተሻል፣ መምጣትሽን አይቻለሁ።"

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በቀጠለው ሳምንት ተሰበሰበ። ብዙነህ ለምስክርነት ተጠራ። ከመግባቱ በፊት ሮብሳን ኮሪደር ላይ ጎተት አደረገው። "ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ ጋሼ። ኮንትራትህም የሚታደሰው በዚሁ ወር ነው።"

ብዙነህ ገባና ያየውን ተናገረ። ሰውየውን በሩ ላይ እንዳየው፣ አመድ የመሰለ ፊቱን አይቶ ተሰለፍ እንዳለው ተናገረ። ነርሷ በአጠገቡ ወጥታ መግባቷን ተናገረ። ጋዲሴ ቅጂው ይጥፋ ሲባል እምቢ ማለቷንም አልደበቀም። "ዲስክ ግዙልኝ እያለች ኦቦ ሮብሳን ቢሮ ስትመላለስም አይቻለሁ" አለ።

"ስለ ዲስክ አልተጠየቅክም" አለ ሮብሳን።

"አልተጠየቅኩም። እኔ ነኝ የምናገረው።"

ውሳኔው የተጻፈው ጋዲሴ ላይ ብቻ ነው። ደመወዟ ተቀነሰ፤ በጊንጪ በኩል ወዳለች ትንሽ ከተማ እንድትዛወርም ታዘዘ። የብዙነህ ኮንትራት ደግሞ ሂደት ላይ ነው ተባለ።

ዲስኩ ግን ተገዛ። ያ ስንት ወር የተጠበቀ በጀት የጉዩ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ተለቀቀ። ደሊል በካርቶን ይዞት መጣ፤ ከመዳፉ አይበልጥም። ብዙነህ ዕቃውን አየና "ሰው የሞተው በዚህች ነው?" አለ።

ደሊል አሮጌ ቅጂዎቹን አወጣ፣ ካርዶቹን ወደ አዲሱ ዲስክ አዛወረ። አሁን የሞቱትን ካርድ ሳያጠፋ ለብቻው ለማስቀመጥ የሚለይለት ሰው ፈለገ። አዲሷ የካርድ ሠራተኛ ሃዋኒ ከተማውን አታውቅም፤ ከመጣች ሳምንቷ ነው። "ያቺን ሴት ጥሩልኝ" አለ ደሊል። ጋዲሴ ሻንጣዋን አስራ ነበር። ሆኖም መጣች፣ ግራጫ ሹራቧን ለብሳ። ሃዋኒ ከወንበሩ ተነሳችላት።

ብዙነህ በተገጠመው በር ቀዳዳ ይሰማ ነበር። ደሊል ስም ይጠራል፣ እሷ ትመልሳለች። "እሱ በመኪና አደጋ ነው፣ ፊንጫ መንገድ ላይ።" "እሷ በወሊድ።" "ይኼ አለ፣ ቡራዩ ገብቷል፣ እንዳትነካው።" "ይኼ በግርግሩ ጊዜ ነው፣ ልጅ ነበር።" "እሱን ተወው፣ እናቱን እጠይቃለሁ።" የአገሩን ሞት ሁሉ ስትቆጥር ድምፅዋ አልተሰበረም። ለቅሶ ያልደረሰችበት ቤት አልነበረም ማለት ነው። ብዙነህ ይህን ሁሉ ዓመት በሯን ሲደበድብ ይህን አያውቅም ነበር።

"ጨረስን" አለ ደሊል።

"አንድ ቀርቷል።"

ስሙን ራሷ ጻፈችው። ጉዩ ቦጂያ። ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ ካርዱ ተከፈተ።

ጋዲሴ በወንበሯ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ በጥፊ የተመታች ይመስል። ያን ፍጥነት ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ አይታው አታውቅም። ደሊልም ምን እንደሆነች ገባውና ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጇን እንደገና ዘረጋች። ከስሙ ትይዩ ሞተ ብላ ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ለአመለሸጋም ለጉዩም፣ ከዓመታት ጀምሮ ማልቀስ የነበረባትን ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰችው።

ውጭ ወረፋው ጽዱን ዞሮ ነበር። አንድ ጥርሱን የታመመ ሰውዬ ወደ በሩ ገሰገሰ። "ዛሬ ደግሞ ምን ሊባል ነው? አዲስ ገባ ተብሎ አልነበረም እንዴ?"

ብዙነህ ዱካውን አንስቶ አመጣ፣ በሩን በጀርባው ገጥሞ ተቀመጠበት።

"ጠብቁ" አላቸው።

"ምኑን ነው የምንጠብቀው?"

"ጠብቁ አልኩ።"

"ይኼ ሽማግሌ ነው ደግሞ የዛሬው በሽታችን!" አለ ባለ ጥርሱ። "ሰው እዚህ እያለቀ እሱ በር ይዘጋል! አንተ ልብ የሌለህ!" ሌሎቹም ተቀበሉት። ሰነፍ አሉት፣ ጨካኝ አሉት፣ ጉቦ የለመደ አሉት፣ የአባቱንም ስም አነሱበት። ለእያንዳንዱ የሚመልሰው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዱንም አላወጣውም። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ከጀርባው ያ ለቅሶ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ፣ የወረፋውን ስድብ ሁሉ ተቀምጦ ተቀበለላት።